ከ«ማስጠንቀቂያ» በታች

የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ይህን ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። የዓሣ ገበያችን ባለሚዛን አይደለም። እኔ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳስጽፈው እሱ ሁለት መስመር ጭሮ ብዕሩን ይከድን ነበር፤ ያኔም ጠርጥሬው ነበር፣ ግን ምን አውቄ ልከራከር? አሁን ነው ጉዱ። አሁን የሚዛን መዝገቡን ሳይቀር እያየሁበት ነው፤ ስመጣ በክንዱ ይሸፍነዋል።

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከሠላሳ ሁለት ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው ልብስ አጣቢዋ ናት፤ እሷ ድሮም ትንሽ ትንሽ ታነብ ነበር ይባላል፤ ስለዚህ እውነተኛው አንደኛ እኔ ነኝ ማለት ነው። መምህሯ በዕድሜ አንቺን ብታክል ነው፤ እኔ ግን አንቱ እላታለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ እጅ ላይ እጇን ጭና «ሀ» ብላ ያስጀመረች ሴት አንቺ አትባልም።

ባለፈው ሰኞ የሆነውን ልንገርሽ። የበረዶ ቤቱ በር ላይ ተቆጣጣሪው ዓምና የለጠፈው ወረቀት አለ። ጫኝና አውራጆቹ ተሰብስበው «እስኪ አፍንጫ፣ ተማርኩ ካልክ አንብባት» አሉኝ። (አፍንጫ የምባለው ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለባልሽ ግን ንገሪው። በዚህ ገበያ እኔ አሽትቼ «ይለፍ» ያላልኩት ዓሣ ሚዛን ላይ አይወጣም።) ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ማስ-ጠን-ቀ-ቂያ!» አልኩ። ጭብጨባው ሌላ ነው! አንዱማ ትከሻው ላይ አድርጎ ሊያዞረኝ ነበር፤ ወገቡን አስቦ ተወው።

ወደ ጥያቄዎችሽ ልመለስ። ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ ላልሽው፣ ከለቀቀኝ ሰነበተ፤ ስለ እሱ ደግመሽ አታንሺ። ዓሣው ከባሕር ወጥቶ በረዶ ውስጥ እስኪገባ ስንት ሰዓት ይቆያል ብለሻል። ማነው ይህን ያስተማረሽ? ሰዓት የሚቆጥረው አፍንጫ የሌለው ነው። ከቱናው ይልቅ ሰርዲን ላክልኝ ያልሽው ግን አሳዘነኝ። ልጄ፣ ሰርዲን እኮ እዚህ የባለሚዛኑ ድመት ቀለብ ነው!

አምስተኛ ወርሽን ይዘሻል። የመጀመሪያው ፅንስ ሳይበረክት ሲቀር ምን እንደሆንሽ፣ እኔስ ምን እንደሆንኩ፣ አንረሳውም። እናትሽ የለች፣ እኔ ሩቅ ነኝ። ይኼኛው እንዲጸና ከዚህ ሆኜ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዓሣውን ንጉሥ ቱናን፣ ከንጉሡም ጮማውን ሆዱን፣ እየቆረጥኩ በየሁለት ሳምንቱ ከዓሣ መኪናው ሾፌር ጋር መላክ። እሱን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዪ።

ለአማትሽ እጅ ነስቷል በይልኝ።

በገዛ እጁ የጻፈው አባትሽ


የካቲት 9 ቀን

አባዬ፣

ደብዳቤህን የምሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ዘበኛው «ምነው፣ መርዶ ነው?» እስኪለኝ አለቀስኩ። ፊደልህ ራስህን ይመስላል፤ አንዱም መስመሩ ላይ አይቀመጥም።

ዓሣው ደርሷል። ቤቱ ሁሉ መርቆሃል፤ አማቴ ሳህኑን በዳቦ ነው የጠረጉት። ጣፈጠሽ ወይ ላልከው፣ ያንተ እጅ ያለበት ነገር መቼ ሳይጣፍጥ ቀርቶ ያውቃል።

አባዬ፣ እንዳትቆጣ። የክሊኒኳ ነርስ ዓሣ አትተዊ ነው ያለችኝ፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ብትበዪ ላንቺም ለልጁም ጥሩ ነው ብላለች። ግን ትንንሹን፣ ትኩሱን፣ በደንብ የበሰለውን። ትልቁ ዓሣ ትንንሹን ሲበላ ስለሚኖር ሜርኩሪ የሚባል ነገር በሥጋው ያጠራቅማል፤ ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ይበዛል፤ ፅንስ ላይ ደግሞ ጉዳት አለው አለችኝ። ለዚህ ነው ሰርዲን ያልኩህ። ድመት ስለሆንኩ አይደለም።

ሰዓቱን የጠየቅሁህም እሷ ስላለች ነው። በረዶ ሳያገኝ የዋለ ቱና ባይሸትም አይታመንም አለች። «አባቴ ያሸተዋል» አልኳት። «ሰዓቱን ጠይቂው» አለችኝ።

ሌላም ነገር አለ። ሾፌሩ ሳጥኑን ሲያወርድ «አባትሽ አሁን አሁን ዓሣ ሲያሸቱ ዓይናቸው ዓሣው ላይ የለም፣ ድመቷ ላይ ነው» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምን ማለቱ ነው?

ልጅህ


የካቲት 17 ቀን፣ ማለዳ

ለልጄ፣

ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ጥሩምባውን እየነፋብኝ ነው። «ልብ ወለድ ነው እንዴ የምትጽፈው?» ይለኛል። ይጠብቅ! ሃምሳ ስምንት ዓመት የጠበቀ ብዕር አምስት ደቂቃ ይበዛበታል? ስለ ዓይኔ ያወራልሽን ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ ትልቅ ሰው ሲያሸት ያስባል፣ የሚያስብ ሰው ዓይኑ የትም ይሄዳል። አለቀ።

ነርሷን አከብራታለሁ። ግን እሷ ዓሣ የምታውቀው በወረቀት፣ እኔ በአፍንጫ። ዓሣ መብላት በብልሃት ሲባል አልሰማችም? ብልሃቱ ያለው እኔ ጋ ነው። ስለዚህ ሰርዲኑን ለጊዜው እንርሳው። ዛሬ የላክሁልሽን ሳጥን ስትከፍቺ አንቺው ትመሰክሪያለሽ፦ ሁለት ሰው ያንገዳገደ ቱና፣ ሥጋው እንደ ሮማን የቀላ። ሆዱ ያንቺ ነው፤ ጭራውን ጫኝና አውራጆቹ ለምሳቸው ወስደውታል።

ትናንት የበረዶ ማሽኑ ትንሽ አኩርፎ ነበር፤ ወደ ማምሻው ታርቋል። ባለሚዛኑ ነገር ሲወድ «ከቀኑ ስድስት ሰዓት የወረደ ዓሣ እስከ አሥራ ሁለት ሲሚንቶ ላይ ውሏል፣ ይህ ነገር ይቅርብን» ብሎ አንገራገረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፍንጫዬን ደቅኜ ቆየሁ፣ ቆየሁና «ይለፍ» አልኩ። አለፈ። ሃያ ስድስት ዓመት ያልተሳሳተን ሰው ሚዛን አይከራከረውም።

ለባልሽ አታካፍዪ። ለማንም። አሥር ሰዓት ላይ ይደርስሻል፤ ትኩሱን ጠብሰሽ ብቻሽን ብዪው። ቃል ግቢልኝ።

አባትሽ


የካቲት 17 ቀን፣ ከሰዓት

ልጄ፣

አትብዪው።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ሳጥኑን ከቤት አውጪ። ቆፍረሽ ቅበሪው፣ ለውሻም አትስጪ። አትብዪው።

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉን ይቅር በይኝ። ጫኝና አውራጆቹ ጭራውን ጠብሰው ሰባት ሰዓት ላይ በሉ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ያ ትከሻው ላይ ሊያዞረኝ የነበረው ልጅ እግር ፊቱ ቀላ። ሳቁበት፤ «ማንን አይተህ ነው?» አሉት። ከዚያ የሳቁት ቀሉ። አንዱ አፌን አቃጠለኝ አለ፣ አንዱ ጭንቅላቱን ያዘ፣ ሌላው አስመለሰው። ልጁ ደረቱን ይዞ «ልቤ ልትወጣ ነው» ይላል። አራቱን በዓሣ ጋሪ ላይ አድርገን ወደ ሐኪም ላክናቸው። ምንም አልሸተተንም፣ ጥሩ ጠብሰነው ነበር ነው የሚሉት። ጥሩ ጠብሰውት ነበር፤ እኔም አይቻለሁ።

እነሱ ጡንቻቸው የጠጠረ ጎረምሶች ናቸው። አንቺ ግን

ለምን ስልክ አልደወልክም ትይኛለሽ። ስልክ ያለው አለቃው ቢሮ ብቻ ነው። ባለሚዛኑ እዚያ ነው፣ ገዢዎቹ እዚያ ናቸው። ገብቼ ስልክ ስጡኝ ስል «ማን ነው ያሳለፈው?» ይሉኛል። እሱስ ግድ የለም፣ እኔ ነኝ እላለሁ። ከሱ ቀጥሎ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ያንን ጥያቄ ስምንት ወር ሙሉ ስሸሸው ኖሬያለሁ። ለአንቺም አልጻፍኩትም። ስለዚህ ይህን በአውቶቡስ ልልከው ነው።

በዚያው ወረቀት እቀጥላለሁ። መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ። ቲኬት ቆራጩ ደብዳቤውን ተቀብሎ «ነገ ከሰዓት ይደርሳል» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። ነገ ከሰዓት! ከእጁ ነጥቄው ስሮጥ ያበድኩ መስሎት ይሆናል። አሁን አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ ከተማ ገብቷል። አንቺ ድስት ጥደሻል። እኔ ደግሞ የአለቃው በር ፊት ለፊት ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ስልኩ የማይነሳ ከሆነ ብዬ ይህን ለመናኸሪያው ሰው እሰጣለሁ።

ገባሁ።


የካቲት 19 ቀን

አባዬ፣

እኔ ደህና ነኝ። ልጁም ይራገጣል። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ልብህ እንዲያርፍ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ግን ተቀምጠህ አንብበው።

የፋብሪካችን ዘበኛ ስልኩን ሲያነሳ ያንተን ድምፅ ሰምቶ ሳቀ። ባለፈው ዓመት «የፋብሪካው ባለቤት ነኝ፣ ልጄን ሹሙልኝ» ብለህ እንዳስደነገጥከው ታስታውሳለህ? «ዓሣውን እንዳትበላ» ስትለው ያው ቀልድህ መስሎት «እሺ፣ እኔ እበላላታለሁ» ብሎ ሊዘጋው ነበር። ከዚያ ምን እንዳልከው ራሱ ነግሮኛል። «አባትሽ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም፣ ሲያለቅስም» አለኝ። ያን ሲሰማ በሩን ለማንም ሳይሰጥ ሮጠ። ቤታችን ሲደርስ መናገር አቅቶት እጁን ብቻ ያወዛውዝ ነበር።

አማቴ ሦስት ጉርሻ በልተው ነበር።

አዎ፣ አማቴ። አባዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዋሽቼሃለሁ። ነርሷ ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ከቱናህ አንድ ቁራጭ አልቀመስኩም። አንተ ግን በየደብዳቤው ሁሉ «ብዪ» ትላለህ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? ለእኔ ሽንኩርትና ሰርዲን ከገበያ ገዝቼ ለብቻ እሠራለሁ፣ ያንተን ለእሳቸው እሰጣለሁ። ሲበሉ ባየኋቸው ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንተ ድካም በከንቱ አልቀረም እያልኩ። ያን ቀንም በገዛ እጄ ነው ሳህኑን ያቀረብኩላቸው።

በሦስተኛው ጉርሻ «ምነው ሚጥሚጣ አበዛሽበት?» አሉኝ። ሚጥሚጣ አልነበረበትም። ዘበኛው የገባው ያኔ ነው። ሳህኑን ከፊታቸው ሳነሳው «ደግሞ ትነጥቂኛለሽ!» ብለው ተቆጡ። ወዲያው አንገታቸው ድረስ ቀሉ፣ ልባቸው እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ናቸው፣ ታውቃለህ። ክሊኒክ ተኝተው አደሩ። እኔም ከአልጋቸው ሥር ተቀምጬ አደርኩ።

ዛሬ ቤት ገብተዋል። ነርሷ ሙሉውን ሳህን ጨርሰውት ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር እኔ እንጃ አለችኝ። መርዙ ዓሣው ሙቀት ላይ ሲውል የሚፈጠር ነው፤ አንዴ ከተፈጠረ በረዶ አይመልሰው፣ እሳት አያጠፋው። ሽታም የለው። «የአባትሽ አፍንጫ ደህና ቢሆንም አያገኘውም ነበር» አለች።

ደህና ቢሆንም። ዘበኛው ክሊኒክ ድረስ መጥቶ የነገረንን ማለቷ ነው። አባዬ፣ በስልክ የጮህከው እውነት ነው?

ጫኝና አውራጆቹስ?

ልጅህ


የካቲት 26 ቀን

ለልጄ፣

እውነት ነው።

ባለፈው ሰኔ ያ ጉንፋን ሲለቀኝ ሽታን ይዞት ሄደ። መጀመሪያ ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ሽንኩርት ቆርጬ አሸተትኩ፣ ነጭ ጋዝ አሸተትኩ፣ የባለሚዛኑን ካልሲ ሳይቀር አሸተትኩ፤ ያ ካልተሰማኝ ምን ሊሰማኝ ነው? ለማን ልንገር? «አፍንጫ» ተብሎ የሚጠራ ሰው አፍንጫው ሞተ ቢባል ምን ተብሎ ይጠራል? ስለዚህ ዓሣውን ወደ ፊቴ አስጠግቼ በዓይኔ ጠርዝ ድመቷን አያለሁ። ከቀረበች «ይለፍ»፣ ከሸሸች «ይመለስ»። ሾፌሩ አይቶኛል። ስምንት ወር ገበያው በድመት ሲተዳደር ነበር።

ነርሷ አፍንጫ ቢኖረውም አያገኘውም ማለቷን ለማጽናናት ጽፈሽልኝ ከሆነ፣ አመሰግናለሁ፤ አልጽናናም። ዓሣውን ሳገላብጠው እጄ ላይ ሞቅ ብሎኝ ነበር። በረዶ ሲነካ የኖረ እጅ ሙቀት አይስተውም። እጄ ያውቅ ነበር፤ አፌ ነው «ይለፍ» ያለው፣ ሰው ስለሚያየኝ። ዓሣ ሲገማ ከአናቱ ይባላል፤ የዚያ ቀኑ ዓሣ አናት እኔ ነበርኩ።

ቢሮው ውስጥ አለቃው ነበር፣ ባለሚዛኑ ነበር፣ አራት ገዢዎች ነበሩ። መስመሩ ስለሚንጫጫ መጮህ ነበረብኝ። ዘበኛሽ ሲስቅ ሰማሁት። እንዴት እንደሚያምነኝ ጨነቀኝ። በቀልድ የኖረ ሰው እውነት ሲይዝ ማን ይሰማዋል? ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም፤ ያችኑ የደበቅኋትን አወጣሁ፦ «ማሽተት አልችልም! አፍንጫዬ ሞቷል! ሳላሸት ነው ያሳለፍኩት፣ ለልጄ የላክሁትም እሱን ነው!»  ባለሚዛኑ ብቻ ውኃ አቀበለኝ። ያንን አልረሳለትም፤ ካልሲውንም ይቅር ብዬዋለሁ።

አራቱም ተሽሏቸው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ሦስቱ ሰላም ይሉኛል። ልጅ እግሩ ግን አጠገቤ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በእርስዎ ስም እምል ነበር» አለኝ።  ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካራዬን አለቃው ተቀበለኝ፤ አሽታችነቴም አበቃ። ልክ ነው። በማግስቱ የትም መሄጃ ስላልነበረኝ የበረዶ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። ያን ቀን ያነበብኩላቸው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር፤ ጭብጨባው ስለመጣ ቀሪውን ረሳሁት። ከጭብጨባ በኋላ ማን ያነባል? አሁን የሚያጨበጭብ አልነበረም። ጣቴን አስደግፌ ከሥሯ ያለውን አነበብኩ፦

«በረዶ ሳያገኝ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ቱና ለምግብ አይሁን። ባይሸትም። ቢበስልም። ተጠራጠሩ፣ ጣሉ።»

አሥራ ሦስት ቃል ነው። ቆጠርኳቸው። ማንበብ ከቻልኩ ወር ሆኖኝ፣ በየቀኑ በዚያ በር ስገባና ስወጣ፣ አሥራ ሦስት ቃል።

ሁለት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ሥራ የጀመሩትን ሁሉ ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አለቃው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በነጋታው እርሳስና የካርቶን ቁራጭ ሰጠኝ። አሁን ጀልባ ሲደርስ ሰዓት እጽፋለሁ፣ በረዶ ሲገባ ሰዓት እጽፋለሁ፤ ካርቶን የሌለው ሳጥን ሚዛን ላይ አይወጣም። የበረዶ ማሽኑ ባለፈው ረቡዕ ሲያኮርፍ ሦስት ሳጥን ቱና አስጣልኩ። ገዢው «አሽተው እስኪ፣ ምንም የለውም!» ብሎ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «የኔ ወንድም፣ የኔ አፍንጫ መነጽር መስቀያ ነው» አልኩት።

«ስወልድ ትመጣለህ ወይ?» ብለሽ በትንሿ ወረቀት የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። አማትሽ ይምጣ ካሉ እመጣለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የልጅ ልጄን የማፋፋ መስሎኝ ለካ እሳቸውን ሳፋፋ ነበር፤ ፊታቸው ቆሜ ምን እላለሁ? «ዓሣ ካልያዘ ይምጣ» ማለታቸውን ሾፌሩ ነግሮኛል። ተቆጥተው ይሁን ቀልደው አልገባኝም። እንደ እኔ ቀልደኛ ከሆኑ ችግር ነው፤ እውነቱ አይታወቅም።

አንቺም ዋሽተሽኛል፣ እኔም ዋሽቼሻለሁ። ያንቺ ውሸት ልጁን አዳነ፣ የኔው ሊገድለው ነበር። ከእንግዲህ የሚከፋኝን ነገር ጻፊልኝ፤ ማንበብ እችላለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰርዲን ነው፣ ሁሉም ከጣትሽ አይበልጥም። በደንብ አብስዪው። ክዳኑ ላይ ያለችውን ካርቶን ግን ሳታነቢ እንዳትከፍቺው፤ እዚህም እገለብጥልሻለሁ፦

«ከባሕር የወጣው፦ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት።
በረዶ የገባው፦ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።
የተጫነው፦ አሥራ ሁለት ሰዓት።
ሲደርስ በረዶው ቀልጦ ከሆነ፦ ይጣል። አባትሽ አይከፋውም።
ያሸተተው፦ የለም።
የጻፈው፦ አባትሽ።»